የእንስሳት ሐኪም የሌሊት ተረኝነት አመጣጥ በእንግሊዝ አገር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እንስሳ ግን በሽታውን የሚናገርበት አንደበት የለውም፤ ሕመሙም የሥራ ሰዓት ጠብቆ አይመጣም። የትልልቅ ውሾች ጨጓራ ተነፍቶ ሲጠማዘዝ ጥቂት ሰዓታት ሞትንና ሕይወትን ይለያሉ፤ የሽንት ቧንቧው የተደፈነበት ወንድ ድመትም ቶሎ ካልተረዳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ በሌሊት ለታመመ የቤት እንስሳ በሩን የሚከፍት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከሙያው ጋር አብሮ የኖረ ነው። መልሱ ምን ያህል ቀስ እያለ እንደ ተገኘ የእንግሊዝ አገር ታሪክ በግልጽ ያሳያል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በለንደን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በ1791 ሲቋቋም ዋነኛው ታካሚ ፈረስ ነበር። ፈረስ ሠረገላውንና ጋሪውን፣ የጦር ሠራዊቱንም መድፍ የሚጎትት ስለ ነበር፣ በሌሊት የሆድ ቁርጠት ቢይዘው ባለቤቱ ሐኪሙን ከመኝታው ያስነሣው ነበር። የድኻ ቤት ውሻና ድመት ግን ይህን ያህል ክብር አልነበራቸውም። የሌሊት ጥሪ የሚመዘነው በእንስሳው ሥቃይ ሳይሆን በእንስሳው ዋጋ ነበር ማለት ይቻላል።

ይህን ክፍተት ካዩት ሰዎች መካከል አንዷ ሐኪም ያልሆኑ ሴት ናቸው። ወይዘሮ ማሪያ ዲኪን በኅዳር ወር 1917 በምሥራቅ ለንደን፣ ዋይትቻፕል በተባለው የድኾች ሠፈር፣ በአንድ ምድር ቤት ውስጥ እንስሳት ያለ ክፍያ የሚታከሙበትን ስፍራ ከፈቱ። ሐኪሞች ማዕረግ የሌለው ሰው ሊያክም አይገባም ሲሉ ተቃወሙ፤ ተቃውሟቸውም መሠረት ነበረው፤ በ1948 የወጣው ሕግ ያለ ማዕረግ ማከምን በእጅጉ ገድቧል። ሆኖም ወደዚያ ምድር ቤት የጎረፈው ሕዝብ ሙያው ያልደረሰለት ሕዝብ እንደ ነበር አይካድም።

ከሁሉ የከፋው ፈተና በ1939 መጣ። ጦርነቱ ሊፈነዳ ሲል እንስሳትን ከአየር ጥቃት ለመጠበቅ የተቋቋመው ብሔራዊ ኮሚቴ አንድ የምክር ወረቀት አሠራጨ። ወረቀቱ እንስሳትን ወደ ገጠር መላክ እንደሚሻል ገልጾ፣ ለጎረቤት በአደራ መስጠት እንኳ ካልተቻለ በሐኪም ማስገደል የርኅራኄ ሥራ መሆኑን ይናገር ነበር። የቦምብና የመርዝ ጋዝ ፍርሃት፣ የምግብ እጥረት ሥጋት፣ እንስሳትም ወደ ሕዝብ መጠለያ የማይገቡ መሆናቸው ተደማምሮ፣ ጦርነቱ በታወጀበት ሳምንት ሕዝቡ በየክሊኒኩ በራፍ ተሰለፈ። በለንደን ብቻ ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ ውሾችና ድመቶች እንደ ተገደሉ ይገመታል። በከተማይቱ ላይ የማያቋርጠው የቦምብ ድብደባ የጀመረው ግን አንድ ዓመት ቆይቶ፣ መስከረም 7 ቀን 1940 ነበር።

ድብደባው ሲጀምር ከሞት የተረፉት እንስሳት የሌሊት ረዳት አስፈለጋቸው። ለንደን 57 ሌሊት በተከታታይ ስትደበደብ፣ የወይዘሮ ዲኪን ድርጅት የነፍስ አድን ጓዶች ፍርስራሽ እየቆፈሩ እንስሳትን ያወጡና ያክሙ ነበር። የአንዱ ጓድ ኃላፊ ውሻ የነበረችው ቢዩቲ ማንም ሳያስተምራት መቆፈር ጀምራ፣ በመጀመሪያ ከጠረጴዛ ሥር የተቀበረች ድመት አገኘች። በጠቅላላው 63 እንስሳትን ስላተረፈች በ1945 የዲኪን ሜዳይ ተሸለመች። ከአንድ ዓመት በፊት ምሕረት መግደል ብቻ መስሎ በታየባት ከተማ፣ ማዳንም እንደሚቻል በሥራ ተረጋገጠ።

ከጦርነቱ በኋላ የከተማው ሐኪም ታካሚ በአመዛኙ የቤት እንስሳ ሆነ። በ1844 የተመሠረተው የእንስሳት ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅም በሥራ ላይ ያለ ሐኪም ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ በማናቸውም ጊዜ ለድንገተኛ ሕመም የመጀመሪያ ርዳታና የሥቃይ ማስታገሻ የሚገኝበትን መንገድ እንዲያዘጋጅ በሥነ ምግባር ደንቡ ያስገድዳል። ግዴታው ሐኪሙ ራሱ ሌሊቱን ይንቃ ማለት አይደለም፤ ከሌላ ክሊኒክ ጋር ሊስማማ ይችላል። በዚህም መሠረት ከ2000 ወዲህ ሌሊትና በዓል ብቻ የሚሠሩ ክሊኒኮች ተስፋፉ። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለው ሐኪም ዕረፍት አገኘ፤ ባለቤቱ ግን ብዙ ጊዜ ረጅም መንገድ መጓዝና ከፍ ያለ ዋጋ መክፈል ግድ ሆነበት።

የግዴታው ወሰን የት እንደ ሆነ ያከራከረው አንድ ጉዳይ ነው። በ2011 በእርሻ ቦታ ተሽከርካሪ ወደ ዳጣት ውሻ ለመሄድ የዘገየ ተረኛ ሐኪም በ2013 ከሙያው መዝገብ ተሠረዘ። ብዙ ባልደረቦች ቅጣቱ ከብዷል ብለው ስለ ተከራከሩ ኮሌጁ በ2014 ጉዳዩን እንደገና መረመረ። የ24 ሰዓቱ ግዴታ እንዳለ ጸና፤ ከክሊኒክ ውጭ ወጥቶ ማከም ግን የሐኪሙን ደኅንነት ጭምር ያገናዘበ የሙያ ውሳኔ መሆኑ ተብራራ።

ከዚህ ታሪክ ለሙያ ባልደረቦች የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ደግነት ብቻውን ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ሊያድር አይችልም፤ ተራ፣ ስፍራና ደንብ ያስፈልገዋል። እነዚህም የሚበጁት አደጋው ከመድረሱ በፊት ነው። በ1939 መስከረም በየክሊኒኩ በራፍ የተሰለፉት ባለቤቶች ጨካኞች አልነበሩም፤ ከሞት ሌላ የተዘጋጀ መንገድ ያላዩ ሰዎች ነበሩ።