የሦስቱ ሄንሪዎች ዜና

በፈረንሳይ አገር በአንድ ዘመን ሄንሪ የሚባሉ ሦስት መሳፍንት ተነሡ። አንዱ ከቫሎዋ ቤት የነገሠው ሣልሳዊ ሄንሪ ነው፤ ሁለተኛው የካቶሊኮች አለኝታ የጊዙ መስፍን ሄንሪ፤ ሦስተኛው የፕሮቴስታንቶች አለቃ የናቫሩ ንጉሥ ሄንሪ። ሣልሳዊ ሄንሪ ልጅ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1584 ታናሽ ወንድሙ ፍራንሷ ሲሞት አልጋው በዘር ለናቫሩ የሚገባ ሆነ። ካቶሊኮቹም መናፍቅ አይነግሥብንም ብለው ከጊዙ ጋር ተማማሉ፤ የስፔኑ ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊፕም በገንዘብ ደገፋቸው።

በ1587 ናቫር በኩትራ የንጉሡን ጦር ድል መታ። ሜይ 12 ቀን 1588 የፓሪስ ሕዝብ ለጊዙ አድልቶ መንገዱን በበርሜል ዘጋ፤ ንጉሡም በማግሥቱ ሸሸ።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 23 ማለዳ ንጉሡ በብሎዋ ቤተ መንግሥት ጊዙን አስጠራው። መስፍኑ ተጠንቀቅ ተብሎ ነበር፤ ንጉሡ አይደፍረኝም ብሎ ገባ። «አርባ አምስቱ» የሚባሉት ዘበኞች በንጉሡ መኝታ ቤት በጩቤ ወግተው ጣሉት። በማግሥቱ ወንድሙ ካርዲናል ሉዊም ተገደለ። ንጉሥ ጠርቶ ያስገባውን ሰው በጣሪያው ሥር ማስገደሉ ከባድ በደል ነው፤ የአገሩ እንደራሴዎች በዚያው ከተማ ተሰብስበው ሳለ ክስ አላቀረበም፣ ፍርድም አልጠየቀም። የሶርቦን ሊቃውንት ሕዝቡን ከታማኝነት መሐላው ፈቱት፤ ፓሪስም ከዳችው።

መሄጃ ያጣው ንጉሥ ከናቫር ታርቆ አብረው በፓሪስ ላይ ዘመቱ። ኦገስት 1 ቀን 1589 በሴን ክሉ ሰፈር ዣክ ክሌማን የሚባል የዶሚኒካን መነኩሴ ደብዳቤ አመጣሁ ብሎ ቀረበና በቢላዋ ወጋው። ንጉሡም ለናቫር ታዘዙ ብሎ መኳንንቱን አዝዞ በማግሥቱ ሞተ።

ናቫርም ራብዓዊ ሄንሪ ተብሎ ነገሠ፤ ፓሪስ ግን በሯን አልከፈተችም፤ በ1590 ከብቧት ከሕዝቧ ብዙ ሰው በረሃብ አለቀ። በ1593 በሴን ዴኒ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀበለ፤ በሚቀጥለው ዓመት በሻርትር ዘውድ ጭኖ ፓሪስ ገባ። በ1598 በናንት አዋጅ ፕሮቴስታንቶች በተወሰነላቸው ስፍራ እንዲያመልኩና እንዲሾሙ ፈቀደ። ከ1562 ጀምሮ ወንድም ወንድሙን ሲያርድ ለኖረ አገር ይህ አዋጅ ከኩትራ ድል እጅግ ይበልጣል።

እርሱንም ሜይ 14 ቀን 1610 ራቫያክ የሚባል ሰው በፓሪስ ጎዳና፣ በሠረገላው ተቀምጦ ሳለ፣ በቢላዋ ገደለው። ልጁ ሉዊ በ8 ዓመቱ ነገሠ።