ሴፕሲስ

ሴፕሲስ ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ የራሱን የውስጥ አካላት ሲጎዳ የሚከሰት፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም ነው። በተለምዶ «የደም መመረዝ» ይባላል። ስሙ ግን በከፊል ያሳስታል፤ በብዙ ሕሙማን ደም ውስጥ ባክቴሪያ ሳይገኝ ይቀራል፣ ጉዳቱም ከተህዋሲያኑ ብቻ ሳይሆን ከሰውነቱ ምላሽ ጭምር ይመጣል። መነሻው ብዙ ጊዜ የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ወይም የሆድ ዕቃ ኢንፌክሽን፣ የቆዳ ቁስል፣ በወላዶችም የማሕፀን ኢንፌክሽን ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 48.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በሴፕሲስ እንደታመሙና 11 ሚሊዮን ያህል እንደሞቱ ተገምቷል።

አለያየት

ሴፕሲስን ለብቻው የሚያረጋግጥ አንድ ምርመራ የለም። በድንገተኛ ክፍል የሚፈለገው ኢንፌክሽን ያለበት በሚመስል ሰው ላይ የአካላት መዳከም ምልክት ነው። በአዋቂዎች አልጋ አጠገብ ቶሎ የሚታዩት ሦስት ናቸው፦ በደቂቃ 22 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ መተንፈስ፣ የላይኛው የደም ግፊት 100 ወይም ከዚያ በታች መሆን፣ የንቃተ ኅሊና መለወጥ። ሁለቱ የታዩበት ሰው የመሞት አደጋው ከፍ ይላል። አለመታየታቸው ግን ሕመሙ የለም ማለት ስላልሆነ፣ የ2021 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ መመሪያ በዚህ መለኪያ ብቻ መታመንን አይደግፍም።

ትኩሳትም ሁልጊዜ አይገኝም፤ በአረጋውያንና በጨቅላ ሕፃናት ሰውነት እንዲያውም ሊቀዘቅዝ ይችላል። የሽንት ማነስ፣ የእጅና የእግር መቀዝቀዝ፣ ተጭኖ የተለቀቀ የጣት ጫፍ ከሦስት ሰከንድ በላይ ቆይቶ መቅላት የደም ዝውውር መዳከምን ያመለክታሉ። ላቦራቶሪ ባለበት በደም ውስጥ ያለው ላክቴት ይለካል። ወባ በሚገኝበት አካባቢ የወባ ምርመራ አስፈላጊ ነው፤ የወባ መገኘት ግን የባክቴሪያ ኢንፌክሽን አብሮ አለመኖሩን አያረጋግጥም።

ሕክምና

በቂ ፈሳሽ ተሰጥቶም የደም ግፊቱ ያለ መድኃኒት የማይቆም፣ ላክቴቱም ከ2 ሚሊሞል በሊትር በላይ የሆነ ሕመምተኛ ሴፕቲክ ሾክ ውስጥ ነው ይባላል። ሾክ ላለበት ሰው አንቲባዮቲክ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ሾክ ከሌለና ምርመራው ካልጠራ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ማጣራት ይቻላል። ለካልቸር የሚሆን ደም ከመድኃኒቱ በፊት ይቀዳል፤ የሚያዘገይ ከሆነ ግን መድኃኒቱ ይቀድማል። መግል ካልፈሰሰ፣ የተቀደደ አንጀት ካልተሰፋ ወይም በማሕፀን የቀረ የእንግዴ ልጅ ካልወጣ አንቲባዮቲክ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም።

ብዙ ክርክር ያስነሳው የፈሳሽ መጠን ነው። (በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሁሉ በተለምዶ «ግሉኮስ» ቢባልም፣ እዚህ የሚፈለገው እንደ ኖርማል ሳላይንና ሪንገር ላክቴት ያለ ጨዋማ ፈሳሽ ነው።) በአሜሪካ ዲትሮይት ተካሂዶ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ፈሳሽና መድኃኒት በተወሰነ ግብ መሠረት የተሰጣቸው ሕሙማን ሞት ከ46.5 ወደ 30.5 በመቶ እንደወረደ አሳየ። በ2014 እና በ2015 እ.ኤ.አ. የወጡ ሦስት ትልልቅ ጥናቶች ግን ያ አሠራር ከተለመደው ሕክምና የተሻለ ውጤት እንዳልነበረው አሳዩ። የተለመደው ሕክምና ራሱ በመካከሉ ፈጥኖ ነበር።

ከአፍሪካ የመጣው ማስረጃ ይበልጥ አስደንጋጭ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ትኩሳትና የደም ዝውውር መዳከም ባለባቸው ሕፃናት ላይ በተደረገ ጥናት፣ ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው 10.5 በመቶ ያህል፣ ካልተሰጣቸው ደግሞ 7.3 በመቶ በ48 ሰዓት ውስጥ ሞቱ። በዛምቢያ ተካሂዶ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው የአዋቂዎች ጥናትም ብዙ ፈሳሽ ባገኙት ዘንድ 48.1፣ በተለመደው ሕክምና 33 በመቶ ሞት መዘገበ፤ ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ኤችአይቪ ነበረባቸው። ሁለቱም ጥናቶች የተካሄዱት የመተንፈሻ ማሽን እንደ ልብ በማይገኝባቸው ሆስፒታሎች ነው።

መመሪያው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት ለአንድ ኪሎ ክብደት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር (ለ60 ኪሎ ሰው 1.8 ሊትር) ያቀርባል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ግን ከጠንካራ ምክር ወደ ደካማ ዝቅ አድርጎታል። በተግባር በየመሃሉ አተነፋፈስና የደም ግፊት እየታየ፣ ሳንባ ውኃ መቋጠር ከጀመረ ፈሳሹ ይቆማል። ግፊቱ ካልተመለሰ የመጀመሪያው ምርጫ ኖርኤፒነፍሪን ነው፤ አማካይ ግፊቱን 65 ለማድረስ ይሰጣል። ትልቅ የደም ሥር እስኪገኝ በክንድ ሥር መጀመር ይቻላል። ካልተገኘ አድሬናሊን ይተካዋል።

ከዳኑት መካከል ብዙዎች ለወራት የጡንቻ ድካምና የማስታወስ ችግር ይቀርባቸዋል።