የተነቀለው እጀታ፦ ዳታን በምስልና በትረካ ስለማስረዳት

ዳታን በምስልና በትረካ ማስረዳት የሚሰጥበት ክፍል ውስጥ አንድ ካርታ ሳይነሣ አይቀርም። ካርታው እ.ኤ.አ. በ1854 የለንደንን የሶሆ ሰፈር የመታውን ኮሌራ ያሳያል። ሐኪሙ ጆን ስኖው እያንዳንዱን ሟች በአንዲት ጥቁር ሰረዝ ወክሎ ሰረዞቹን በየሟቹ ደጃፍ ደረደረ። ከብሮድ ጎዳና የውኃ ፓምፕ ዙሪያ ተከማችተው ይታያሉ። የቀረውን ተማሪው በቃሉ ያውቀዋል፤ ሐኪሙ ካርታውን አየ፣ ምንጩን ለየ፣ የፓምፑ እጀታ ተነቀለ፣ በሽታው ቆመ።

ታሪኩ እንዲህ ጥርት ማለቱ ራሱ ሊያጠራጥረን ይገባ ነበር። እጀታው የተነቀለው ሴፕቴምበር 8 ቀን ነው፤ ካርታው የተዘጋጀው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ በመጽሐፍ የወጣውም በ1855 ነው። ስኖው በዋዜማው ምሽት በአጥቢያው ቦርድ ፊት ሲቀርብ ይዞት የሄደው ቤት ለቤት እየጠየቀ ያጠናቀረውን ቆጠራ ነበር። የ83 ሟቾችን ዝርዝር ከመዝገብ ቤት ወስዶ አድራሻቸውን ተከተለ። ከመካከላቸው 73ቱ ከሌሎች ፓምፖች ይልቅ ለብሮድ ጎዳናው የቀረቡ ነበሩ፤ ከእነዚህም 61ዱ ዘወትርም ሆነ አልፎ አልፎ ውኃውን ይጠጡ እንደነበር ሰማ። በቀሩት 10 ሟቾች ቤት ሌላ ፓምፕ ይቀርባል። ስኖው ግን አልዘለላቸውም። የአምስቱ ቤተሰቦች የብሮድ ጎዳናውን ውኃ ስለሚመርጡ ከዚያ ያስቀዱ እንደነበር ነገሩት፤ ሦስቱ ደግሞ ትምህርት ቤታቸው በፓምፑ አቅራቢያ የነበረ ልጆች ናቸው።

ካርታ መሥራት የስኖው ብቻ ሥራ አልነበረም። የከተማዋ የፍሳሽ ኮሚሽን መሐንዲስ ኤድመንድ ኩፐርም የሟቾቹን ቤቶች በካርታ ላይ አስፍሮ ነበር፤ የእሱ ጥያቄ ግን የፍሳሹ መስመር ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚል ስለነበር መልሱም ከዚያ አላለፈም። የአገሪቱ የጤና ቦርድ አጣሪዎችም ካርታ ነበራቸው፤ የስኖውን ማብራሪያ ግን አልተቀበሉትም። በዘመኑ በሽታን የሚያመጣው የተበከለ አየር ነው ተብሎ ይታመን ነበርና የሰረዞቹን ክምችት የሚያይ ሰው የከፋ ሽታ ያለበትን ሰፈር ሊያይበት ይችላል። «ምስሉ ራሱ ይናገራል» የሚለው የትምህርታችን መነሻ እዚህ ላይ ይሰናከላል። ያንኑ ሞት፣ በእነዚያው ጎዳናዎች ላይ፣ ሦስት ወገኖች በካርታ አስፍረው ወደ አንድ መደምደሚያ አልደረሱም።

ስኖውን የለየው ባዶ ቦታዎችን ማንበቡ ነው። ለፓምፑ ቅርብ በሆነው የፖላንድ ጎዳና የድሆች መጠለያ ውስጥ 535 ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ በኮሌራ የሞቱት 5 ብቻ ናቸው። መጠለያው የራሱ ጉድጓድ ነበረው። እዚያው ብሮድ ጎዳና ላይ በነበረው ቢራ ፋብሪካ ከ70 በላይ ሠራተኞች ነበሩ፤ ከእነርሱ በኮሌራ የሞተ አልተገኘም፤ ቢራ ይጠጡ ነበር፣ የግቢውም ጉድጓድ ሌላ ነው። በአንጻሩ የጠመንጃ ማቀጣጠያ ቆብ የሚያመርተው ፋብሪካ የፓምፑን ውኃ በበርሜል ለሠራተኞቹ ያስቀምጥ ነበር፤ ከ200 ያህሉ 18 ሞቱ። ካርታው በአንድ ቤት ስንት ሰው እንደሚኖር ስለማያሳይ ይህን ልዩነት ዐይን ብቻውን አያገኘውም። ጠንካራው ማስረጃ ደግሞ ከሰፈሩ ጭራሽ ርቆ ነው ያለው። በሐምስቴድ የምትኖር አንዲት ባል የሞተባት ሴት የብሮድ ጎዳናን ውኃ ጣዕም ስለምትወድ በየቀኑ በጋሪ ታስመጣ ነበር። እሷም፣ ከእሷ ዘንድ ውኃውን የጠጣች የእህት ወይም የወንድም ልጅም ሞቱ።

ስለዚህ ተማሪው በቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ያለቀው ካርታ ሳይሆን የ83ቱ ሰዎች ዝርዝር ይመስለኛል። በዝርዝሩ ላይ የማይገጥሙትን 10 ሰዎች ራሱ ይፈልግ። ስኖውም በ1855 ለአጥቢያው አጣሪ ኮሚቴ ካርታውን ሲያሻሽል፣ በብሮድ ጎዳናው ፓምፕና በሌሎቹ መካከል በእግር መንገድ እኩል የሚርቁትን ነጥቦች የሚያያይዝ መስመር ጨመረበት። ውኃ ቀጂ የሚሄደው በጎዳና እንጂ በቤት ጣሪያ ላይ አይደለምና መስመሩ ከጌጥነት ይልቅ የመከራከሪያውን ፍሬ ነገር ይዟል።

ያው ዳታ በቀን ተከፋፍሎ በግራፍ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ታሪክ ይመጣል። ከሞቱት ውስጥ ሴፕቴምበር 1 ቀን የታመሙት 143 ነበሩ፤ እጀታው በተነቀለበት በ8ኛው ቀን የታመሙት 12 ብቻ ናቸው። ሕዝቡ ሰፈሩን ጥሎ ሸሽቶ ነበር። ወረርሽኙ አስቀድሞ እየበረደ እንደነበር ስኖው ራሱ አልሸሸገም። ግራፉን ብቻ ያየ ሰው የእጀታው መነቀል ትርጉም አልነበረውም ሊል ይችላል።

የሰፈሩ ረዳት ቄስ ሄንሪ ኋይትሄድ የስኖውን ሐሳብ ሊያፈርስ ተነሥቶ ነበር፤ ሰፈርተኛውን እየደጋገመ ሲጠይቅ ግን ደጋፊው ሆነ። በፓምፑ ፊት ለፊት፣ በብሮድ ጎዳና 40 ቁጥር፣ በኦገስት መጨረሻ አንዲት ሕፃን ታማ ነበር። እናትየው የልጅቷን ጨርቅ ያጠበችበትን ውኃ ከቤቱ ፊት ወዳለው የቆሻሻ ጉድጓድ ትደፋ ነበር፤ ጉድጓዱ ሲቆፈር ግንቡ ፈራርሶ፣ ከፓምፑ ጉድጓድም አንድ ሜትር እንኳ ሳይርቅ ተገኘ። የሕፃኗም አባት በሽታው ያዘው። የተያዘው እጀታው በተነቀለበት በዚያው በሴፕቴምበር 8 ቀን ነው፤ የእሱም ቆሻሻ ወደዚያው ጉድጓድ ገባ።