ቀጭኔዎቹን ማን አደረሳቸው?

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 1938 በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ላይ ያልተጠበቀ ብርቱ አውሎ ነፋስ ደረሰ። ከ600 በላይ ሰዎች አለቁ፤ የባሕር ዳር ቤቶችም ተጠራርገው ተወሰዱ። በዚያው ማዕበል ውስጥ «ሮቢን ጉድፌሎ» የተባለች የጭነት መርከብ ከምሥራቅ አፍሪካ የተጫኑ ሁለት ለጋ ቀጭኔዎችን ይዛ ወደ ኒውዮርክ በመጓዝ ላይ ነበረች። ቀጭኔዎቹ ከነሕይወታቸው ወደብ ደረሱ።

ገዢው በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሳን ዲያጎ መካነ አራዊት ነበር። መካነ አራዊቱን የምትመራው ቤል ቤንችሊ በ1925 በሒሳብ ያዥነት ተቀጥራ እስከ ኀላፊነት የደረሰች ሴት ስትሆን፣ ቀጭኔ ለማስመጣት የቆየ ምኞት ነበራት። እንስሳቱ ግን ከመርከብ እንደ ወረዱ ወዲያው አልተለቀቁም። አፍተግርን የመሰለ በሽታ ወደ አገሩ የቀንድ ከብት እንዳይዛመት በኒው ጀርሲ ግዛት አቴኒያ በተባለው የመንግሥት ኳራንቲን እንዲቆዩ ተደረገ። ከዚያ በኋላ በጭነት መኪና ላይ በተሠራ ከፍ ያለ ሣጥን ተጭነው ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ በ12 ቀን ጨረሱ። ስማቸው ሎፍቲና ፓችስ ተባለ። መኪናውን የነዳው ቻርሊ ስሚዝ ነበር። ስለ ቀጭኔዎቹ ብዙ ሲጻፍ ስለ እርሱ የተጻፈው ከጥቂት መስመር አይዘልም።

ደራሲዋ ሊንዳ ራትሌጅ በ2021 ያሳተመችው «ከቀጭኔዎች ጋር ወደ ምዕራብ» የተሰኘው ታሪካዊ ልብ ወለድ የተነሣው ከዚህ ክፍተት ነው። ባለታሪኩ ዉድሮው ኒክል ገና አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው፣ በአቧራ ማዕበልና በድርቅ ከተጠቃው የቴክሳስ ሜዳ የተሰደደ ወላጅ አልባ ልጅ ነው። በወደቡ ላይ ቀጭኔዎቹን ባየ ጊዜ ልቡ ከእነርሱ ጋር ይቀራል፤ በተሰረቀ ሞተር ብስክሌት ይከተላቸዋል፤ በመጨረሻም የመኪናውን መሪ ይጨብጣል። ታሪኩን የሚተርከው ግን 105 ዓመት ሞልቶት በአረጋውያን መኖሪያ ሆኖ ነው።

የመጽሐፉ ብርታት ከፍቅሩና ከጀብዱው ይልቅ በሥራው አገላለጥ ላይ ይታያል። የአንዲቱ ቀጭኔ እግር ተጐድቷል፤ ቁስሉ በየማረፊያው መታየት አለበት። ድልድይ በተቃረበ ቁጥር ቁመት ይለካል። እንስሳ ጭኖ የተጓዘ ባለሙያ ይህን ሲያነብ ከእርሻ ወደ ቄራ ወይም ወደ ወደብ ሲጓዝ ያሳለፋቸውን ሌሊቶች ማስታወሱ አይቀርም። ጭነቱ የሚተነፍስ በሆነ ጊዜ ነጂ ነጂ ብቻ አይደለም፤ አስታማሚም ጭምር ነው። ደራሲዋ ይህን በሚገባ ተረድታዋለች።

ይሁን እንጂ ልብ ወለዱ አንድ ክፍተት ሲደፍን ሌላውን እንደ ነበረ ትቶታል። ታሪኩ የሚጀምረው ከኒውዮርክ ወደብ ነው። ወደቡ ግን የጉዞው አጋማሽ እንጂ መነሻው አይደለም። ግልገሎቹን ከእናታቸው የለየው፣ ከሰው እጅ መብላት ያስለመዳቸው፣ እስከ ባሕሩ ዳር የመራቸው ሰው በአንዱም ምዕራፍ ቦታ አላገኘም።

ስለዚያ ወዲያኛው አጋማሽ ለኢትዮጵያ ቅርብ የሆነ ማስረጃ አለ። በ1860ዎቹና በ1870ዎቹ ዓመታት የአውሮፓ መካነ አራዊቶች ከሚገዟቸው የአፍሪካ እንስሳት ብዙዎቹ የሚመጡት ከሰቲትና ከአትባራ ወንዞች አካባቢ ሲሆን፣ የሚሰበሰቡትም በከሰላ ነበር። በሰቲት ዳር ይኖሩ የነበሩት የሐምራን አዳኞች በፈረስ ሆነው ዝሆንን በጐራዴ ይጥሉ እንደ ነበር እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1861 አይቶ ጽፏል። የሚፈለገው ግልገል በመሆኑ እናቲቱ ብዙ ጊዜ ትገደል ነበር። ከዚያ በኋላ በረሓውን አቋርጦ ወደ ሱዋኪን መሄድ ይከተላል። ግልገሎቹ ወተት ስለሚሹ የሚታለቡ ፍየሎች አብረው ይነዱ ነበር። የሃምቡርጉ ነጋዴ ካርል ሐገንቤክ በ1870 ወደ ስዊዝ ሄዶ እንዲህ ያለውን ጭነት የተረከበው ካዛኖቫ ከተባለው ሰብሳቢ ሲሆን፣ ካዛኖቫ ያን ጊዜ ታሞ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። የነጋዴዎቹ ስም በመጽሐፍ ተመዝግቦ ሲኖር፣ ፍየል ያለቡት የእነዚያ ወጣቶች ስም ግን የለም።

በእርግጥ ከዚህ የሚለይ አንድ ሰው አለ። የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ በ1826 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሻርል 10ኛ አንዲት ቀጭኔ በስጦታ ላከ። ቀጭኔዋ በሱዳን ተይዛ በዓባይ ላይ በጀልባ የወረደች ናት። በመርከብ ስትጓዝ አንገቷ እንዲወጣ የመርከቡ ወለል ተበሳላት፤ ወተት የሚሰጧትም ላሞች አብረው ተጫኑ። በ1827 ከማርሴይ እስከ ፓሪስ ያለውን 880 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በእግሯ ስትሄድ የእንስሳት ሊቁ ዦፍርዋ ሳንት ኢሌር አብሯት ነበር። በእውነተኛው ሥራ ግን ከጠባቂዎቿ አንዱ አቲር የተባለ ሱዳናዊ ወጣት ነበር። ለእንግሊዝ ንጉሥ የተላከችው ሌላዋ ቀጭኔ በ1829 ስትሞት፣ የፓሪሷ ግን 18 ዓመት ያህል ኖረች። ለዚህ ልዩነት የአቲር እጅ ምን ያህል እንደ ረዳ መመዘን ያዳግታል፤ ከቁም ነገር አለመቁጠር ግን አይገባም።

ጉዞው ሲፈጸም አቲር አልተመለሰም። በፓሪስ የዕፀዋት አትክልት ስፍራ ቀጭኔዋ ባለችበት ቤት ከራሷ አጠገብ በተሠራ ቆጥ ላይ ይተኛ ነበር፤ ማታ ማታም በመሰላል ወጥቶ ጠጕሯን ሲቦርሽ ሕዝቡ ለማየት ይሰበሰብ ነበር። እርሷ በ1845 ሞተች። ገላዋ ደርቆ ተሞልቶ፣ ዛሬ በላሮሼል ከተማ ቤተ መዘክር ደረጃ ላይ ቆማ ትታያለች።