እናት ስትተወው ቋንቋ ይጠፋል

ዛሬ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። ልጅዎ በምን ቋንቋ ያናግርዎታል? «በአማርኛ ነዋ!» ይሉኛል። ቅድመ አያቶችዎስ በምን ይነጋገሩ ነበር? ይህን እንኳ ብዙዎቻችን አናውቅም።

ከእኛ ከንፋስ መውጫ ራቅ ብሎ፣ በጎንደር ዙሪያና በቋራ፣ ቤተ እስራኤል የሚባሉ ወገኖች ይኖሩ ነበር። ሃይማኖታቸው የኦሪት ነው። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሸማ ይሠሩ ነበር፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። የራሳቸውም ቋንቋ ነበራቸው። ካይልኛ ወይም ቋረኛ ይባላል። ከቅማንትኛ ጋር በጣም የሚቀራረብ የአገው ቋንቋ ነው።

ታዲያ እንዴት ጠፋ? በአንድ ቀን አልጠፋም። ገበያውም ዳኝነቱም በአማርኛ ሆነ። የሃይማኖት መጽሐፋቸው ደግሞ በግዕዝ ነው። ለቋንቋው የቀረለት ቤት ብቻ ነበር። ኋላ እናትም ልጇን በአማርኛ ማባበል ጀመረች። ያን ጊዜ አለቀለት።

ጥቂቱን የጻፉት የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ፍላድ የተባለ ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ በ1866 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቃላቱን አሳተመ። ዮሴፍ ሃሌቪ የተባለ የፈረንሳይ ምሁርም ጸሎታቸውን ሰብስቦ በ1877 አሳተመ። በጸሎቱ ውስጥ የአገው ቃላት አሉ። ቄሶቹ ግን ትርጉሙ እየጠፋባቸውም በቃላቸው ሲያዜሙት ኖረዋል። ሕዝቡ በ1977 እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በብዛት ወደ እስራኤል ሲሄድ፣ በአፉ ይዞ የሄደው አማርኛና ትግርኛ ነበር።

በግሪክ አገርም አይሁዶች የራሳቸው ግሪክኛ ነበራቸው። በዕብራይስጥ ፊደል ይጽፉት ነበር። በ1944 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናዚዎች የኢዮአኒናን ከተማ አይሁዶች ወስደው አብዛኞቹን ፈጇቸው። ቋንቋውም ከተናጋሪዎቹ ጋር ሄደ። ያኛው በግፍ ጠፋ፣ የእኛው በዝምታ።

ቅማንትኛስ? በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 172,327 ሰዎች «ቅማንት ነን» አሉ። «አፍ መፍቻዬ ቅማንትኛ ነው» ያሉት 1,650 ብቻ ነበሩ። በአዊ ግን ልጆች በአገውኛ ይማራሉ፣ ይጽፋሉም። ልዩነቱን አዩት?

እንግዲህ እርስዎ ፊደል ቆጥረዋል። እርሳስዎን ያንሱ። አያትዎ የሚሏቸውን፣ ልጆችዎ ግን የማያውቋቸውን አምስት ቃላት ይጻፉ። የእርሻ ዕቃ ስም ይሁን፣ የቅጠል ስም ይሁን፣ ይጻፉት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።