ከቅል እስከ ሀይላንድ፦ የወተት ዕቃዎቻችን ታሪክ

በሌላው ዓለም የድሮ ወተት ቤቶች ስም የታተመበትን የብርጭቆ ጠርሙስ እያደኑ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። እኛ በወላይታ ሶዶ እንሰብስብ ብንል የምናገኘው ቅል፣ የሸክላ ማሰሮና ባዶ ሀይላንድ ነው። ታሪካችን ግን በእነዚሁ ውስጥ አለ።

እናቶቻችን ከወተት ይልቅ የሚሸጡት ቅቤ ነበር። ወተቱ በታጠነ ዕቃ ይጠራቀማል፤ ሲረጋ ይናጣል፤ ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ ገበያ ይወጣል። ላሚቱ የባል ብትሆንም የቅቤው ገንዘብ የሴቷ ነው። የአንድ ቤት ቅቤ ግን ጥቂት ስለሆነ ጎረቤታሞች ዊጆ ይገባሉ፤ እየለኩ በየተራ ለአንዷ ያዋጣሉ። ለጊፋታ የሚሆነውም የሚጠራቀመው እንዲሁ ነው። ያጎደለች በሚቀጥለው ተራ ትሞላለች። እኛ የሂሳብ ሠራተኞች ተሰብሳቢና ተከፋይ እያልን የምንመዘግበውን እነሱ በቃላቸው ይዘውት ነበር።

ዘመናዊው የወተት ሥራ በአዲስ አበባ በኩል መጣ። በ1939 ዓ.ም. ገደማ በተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት አማካይነት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች አገር ገቡ። በ1952 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በዩኒሴፍ እርዳታ ሾላ ላይ አነስተኛ ማቀነባበሪያ ተቋቋመ። ወደ እኛ ዞን በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ባንክ ብድር የመጣው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት ነው፤ ሽማግሌዎች ዛሬም ዋዱ ይሉታል። ዋናው ሥራው ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ብድር ነበር።

የተዳቀለች ላም ስትመጣ ወተቱ በዛ፤ ሆቴሉና ሻይ ቤቱም በሊትር ይገዛ ጀመር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ተለወጠ። ቅቤ ሴቷ ራሷ ገበያ ወስዳ ገንዘቡን በእጇ ትቀበልበታለች፤ የወተት ሂሳብ ግን በወር ተደምሮ፣ ብዙ ጊዜ በባል ስም ይከፈላል። ላሟን የምታልበው፣ ዕቃውን የምታጥበው ያው እሷ ናት። ስለዚህ በማኅበራችን የወተት ደብተር ሲከፈት በአባሏ ስም ይሁን ብለን ተከራክረናል፤ ጥቂት ባሎች ቅር ቢላቸውም ጸንተናል።

ቀሪው ጣጣ ሀይላንዱ ነው። በፈላ ውኃ ካላጠቡት ይሸታል፤ ካጠቡት ይጨማደድና ሊትሩ ሊትር መሆኑ ይቀራል። አንዷ አባላችን ከወር ወር ሂሳቧ ከገዢው ጋር አልገናኝ ሲላት ጠርሙሶቿን ይዛ ቢሮ መጣች። አንድ በአንድ በውኃ ሞልተን በመለኪያ ጆግ ለካናቸው። ሁለቱ እኩል አልነበሩም።