ዓይን አፋር የሆኑ ትናንሽ አገር በቀል ወፎችን ፎቶግራፍ ለማንሳት ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

በኢትዮጵያ ከ800 በላይ የአእዋፍ ዝርያዎች የተመዘገቡ ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል በሌላ በየትኛውም አገር የማይገኙ አሉ። ትልልቆቹና ደማቅ ቀለም ያላቸው በቀላሉ ይታያሉ። ትናንሾቹ ግን ከሣርና ከአለት ጋር በሚመሳሰል ላባቸው ተሸሽገው የሚኖሩ በመሆናቸው ፎቶግራፍ አንሺውን ይፈትናሉ። ይህ መረጃ እነዚህን ወፎች ሳይረብሹ ፎቶግራፍ ለማንሳት ለሚፈልጉ ዜጎችና ጎብኚዎች የተዘጋጀ ነው።

ጥንቃቄው ለምን አስፈለገ?

የአንኮበር ሰሪን የተባለችው ትንሽ ቡናማ ወፍ ሳይንሳዊ ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። በአንኮበር ገደላገደልና በሰሜን ተራሮች የምትኖር ሲሆን፣ በገደል አፋፍ ላይ መሬት ለመሬት ዘር እየለቀመች ትመገባለች።

በነጌሌ ቦረና አቅራቢያ በሚገኘው የሊበን ሜዳ የምትኖረው የሊበን ላርክ ደግሞ በአፍሪካ ከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ከተደቀነባቸው ወፎች አንዷ ናት። ሜዳው በእርሻ፣ በልቅ ግጦሽና በቁጥቋጦ መስፋፋት ምክንያት እየጠበበ መጥቷል። ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ በሣር መካከል ነው። በመሆኑም ከመንገድ ወጥቶ በሜዳው ላይ የሚነዳ መኪና ወይም ተበትኖ የሚሄድ የጎብኚዎች ቡድን እንቁላሎቿን ሳያውቅ ሊደፈጥጥ ይችላል። ቁጥራቸው እጅግ ለተመናመነ ወፎች የአንድ ጎጆ መጥፋትም ከባድ ጉዳት ነው።

በመስክ ላይ የሚደረግ ጥንቃቄ

1. ማልደው ይውጡ። ወፎች በብዛት የሚንቀሳቀሱትና የሚዘምሩት ከንጋት ጀምሮ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ነው።

2. ወፏን አይከተሉ። በአንድ ቦታ ተቀምጠው ይጠብቁ፤ ሳትሰጋ ራሷ ልትቀርብ ትችላለች። በመንገድ ዳር የቆመ መኪናም ጥሩ መሸሸጊያ ነው።

3. ርቀቱን በሌንስ ያጥብቡ። 400 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ሌንስ ይመረጣል። ለምትንቀሳቀስ ትንሽ ወፍ የካሜራውን ፍጥነት ከሰከንድ 1/1000ኛ እንዳያንስ ማድረግ ይጠቅማል።

4. የተቀዳ የወፍ ድምፅ አያጫውቱ። ወንዱ ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት መመገቡን ትቶ ይሟገታል። የሊበን ላርክ ወንድ በመራቢያ ወቅት ወደ አየር ወጥቶ ስለሚዘምር፣ በትዕግሥት ለሚጠብቅ ሰው ምስሉን በራሱ ጊዜ ይሰጣል።

5. ጎጆ ካዩ ወዲያውኑ በመጡበት መንገድ ይመለሱ። ሣሩን ወይም ቅርንጫፉን አይግለጡ፤ ብልጭታ አይጠቀሙ። ወላጇ ከጎጆዋ በተነሣች ቁጥር እንቁላሎቹ ለብርድ፣ ለፀሐይና ለአዳኝ እንስሳት ይጋለጣሉ።

6. ወፏ ደጋግማ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ካሰማች ወይም ምግብ በአፏ ይዛ ወደ ጎጆዋ መግባት ካቃታት፣ በጣም ቀርበዋል ማለት ስለሆነ ያፈግፍጉ።

ከጉዞ በፊት

ወደ ብሔራዊ ፓርክ ሲሄዱ የመግቢያ ክፍያ ይፈጽሙ፤ በስካውት ወይም በአስጎብኚ መታጀብ ስለሚኖርብዎ ሁኔታም ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ፣ የባሌ ተራሮች ደግሞ ዲንሾ ይገኛል። ለፊልም ወይም ለንግድ ዓላማ የሚነሡ ምስሎች ቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ድሮን ለመጠቀም ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው።

ከፓርክ ውጭ በሆኑ እንደ ሊበን ሜዳ ባሉ ቦታዎች በቅድሚያ የአካባቢውን አስተዳደርና ነዋሪዎች ያነጋግሩ። አርብቶ አደሩ ሣሩ እንዲያገግም በአጥር ከልሎ የሚጠብቀው መሬት ለወፏም መጠለያ ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይግቡበት። የአካባቢ አስጎብኚ መቅጠር ለነዋሪው ገቢ፣ ለእርስዎም የወፏን መዋያ የሚያውቅ ዓይን ያስገኛል።

ምስሉን ሲያጋሩ

የጎጆን ትክክለኛ ቦታ በማኅበራዊ ሚዲያ አይግለጹ፤ የካሜራዎን ወይም የስልክዎን የቦታ መጠቆሚያ ያጥፉ። የወረዳውን ስም መጥቀስ በቂ ነው። ላባ፣ እንቁላል ወይም ጎጆ ይዞ መሄድ አይገባም። ወፍ ሲጠመድ ወይም መኖሪያው ሲወድም ከተመለከቱ በአቅራቢያዎ ለሚገኘው የፓርክ ጽሕፈት ቤት ወይም የወረዳ አስተዳደር ያሳውቁ።

እርስዎ ከሄዱ በኋላ ወፏ ቀድሞ በነበረችበት ቦታ መመገቧንና መዘመሯን ከቀጠለች፣ ሥራዎን በአግባቡ አከናውነዋል።